ትል የመሰከረለት ቲማቲም

ቆቦ ገበያ ቲማቲም የሚገዛ ሰው ሁሉ ትል እንዳይኖርበት እያገላበጠ ያያል። እኔ እንዲኖርበት እያገላበጥኩ አየሁ። ያውም ሁለት ወር ሙሉ። ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ ብዬ አይደለም። ገበያው ውስጥ ስሜ ጠፍቷል፤ ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ማለት ዓመቱ አልቋል ማለት ነው። ትምህርት ቤት ድርሰት ሲታዘዝ የሚጽፍልኝ ታላቅ ወንድሜ ሐሰን ነበር፤ እሱ ራሱ ከስምንተኛ ያቋረጠ ገበሬ ሆኖ ሳለ ከአሥር ስምንት ያመጣልኝ ነበር። እሱ... እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ የትሉን ልጨርስ።

ነገሩ የጀመረው እቴ ፋጡማ ዘንድ ነው። እቴ ፋጡማ ከመናኸሪያው በታች ሸራ ዘርግታ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ፊቷ ቁጢጥ አልኩና፣

«እቴ ፋጡማ፣ ይሄ ቲማቲም መድኃኒት ተረጭቷል?» አልኳት።

«የምን መድኃኒት? ምን አሞት?»

«የትል መድኃኒት ነው የምልሽ።»

«ወላሂ ጠብታ አልነካውም።»

«ያኛውስ?»

«ያኛውም።»

«ገበያው ላይ የተረጨ የለም ማለት ነው?»

«ከእኔ ዘንድ የለም። ወደዚያ ከሄድክ ግን ሁሉም የተረጨ ነው» አለችና በአገጯ ጎረቤቷን አሳየችኝ። ጎረቤቷ ጋ ስሄድ እሷም በአገጯ እቴ ፋጡማን አሳየችኝ። ተመልሼ መጣሁ። እቴ ፋጡማ ሳታዝንልኝ አልቀረችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ስማኝ የኔ ልጅ፣ ያልተረጨ ከፈለግህ ትል ያለበትን ውሰድ። መርዝ ቢኖርበት ትሉ በምን ይኖራል?» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬያለሁ። እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳኝ መምህር ግን አልነበረም።

አሁን ስለ ሐሰን።

ሐሰን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጉድጓድ ውኃ በሚጠጣ የኪራይ ማሳ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማ ነበር። መርጫውን እንደ ሕፃን አዝሎ ነው የሚውለው። አፍንጫውን በሽርጥ ይሸፍናል፤ ሲሞቀው ይፈታዋል፤ ቆላ ደግሞ ሁልጊዜ ይሞቃል። መድኃኒቱን በባልዲ የሚበጠብጠው በእንጨት ነው፤ እንጨት ካጣ በክንዱ። ለቤት የሚሆነውን ግን ከማሳው ጥግ አራት መስመር ለይቶ አይረጨውም። የሐሰን ብቻ አይምሰላችሁ፤ እኔ የማውቃቸው ቲማቲም አልሚዎች ሁሉ እንዲህ ያለ የቤት መስመር አላቸው። ስለዚህ እኛ ቤት የተረጨ ቲማቲም የቀመሰ ሰው አልነበረም። የተረጨውን የሚበላው ሌላ ሰው ነው። ያኔ ይህ አስደንግጦኝ አያውቅም። አሁን ነው የሚያስደነግጠኝ።

ከዚያ የሐሰን ዓይን ቢጫ ሆነ። ሆዱ አበጠ። ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ «ጉበቱ ነው» አለ። ምን ጎዳው ብለን ብንጠይቅ፣ «ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል» አለ። እንግዲህ ብዙ ነገር ማለት ለእናቴ መልስ አይደለም። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ከቀብር ስንመለስ አገኘችው። «መድኃኒቱ ነው የገደለው» አለች።

ማሳው ለባለቤቱ ተመለሰ። አራቱ መስመሮችም አብረው ሄዱ። እናቴም ምግብ አቆመች። ጭራሽ አቆመች ማለቴ አይደለም፤ ሲቀርብላት ትጠይቃለች። «ከየት ነው? ማን ዘራው? ምን አስነካው?» ትላለች። ካላወቅኩ ሳህኑን በሁለት ጣቷ ትገፋዋለች። ሦስት ሳምንት ያህል የጎረቤት ላም ወተት ይዟት ነበር። ላሚቱ ከገበያ ዳር ካርቶን ስትበላ በእናቴ ዓይን ታየች፤ ወተቱም ቀረ። ሁለት ዙር የምታስረው መቀነቷ ሦስት ዙር መታሰር ጀመረ፣ ጫፉም ተርፎ ይንጠለጠላል። እኔ ጫፉን እያየሁ እውላለሁ። ቤታችን ከሦስት ሰው ሁለት ቀርተናል። አንድ ልቀር ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ለዚህ ነው ትል ፈላጊ የሆንኩት።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ቲማቲሙን እናቴ ፊት ለሁለት ሰነጠቅኩት። አንድ ትል ቀና አለ። እናቴ ትሉን አየችው። ትሉም እናቴን ያያት መሰለኝ።

«በሕይወት አለ» አለች።

«አለ እማ። ደህና ነው።»

ትሉ የነካውን ቆርጣ ጣለችና ግማሹን በጨው በላች። ስስቅ አየችኝና «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ትሉን ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ እቴ ፋጡማ ለኔ መለየት ጀመረች። የቀሩት ሻጮችም ሰሙ። በሰልፉ መሃል ሳልፍ ከግራም ከቀኝም ይጠሩኛል። «ናማ የትል ሙሽራ፣ ለዛሬ የሰባ አለልህ» ትላለች አንዷ። «የሷ ትል ከሲታ ነው፣ ከኔ ውሰድ» ትላለች ሌላዋ። አንድ ሰውዬ ቲማቲሙን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ ቀዳዳ ስፈልግ ቆሞ አየኝ፤ አየኝና ለሚስቱ፣ «ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» አላት። አሥራ ሁለተኛ ብቻ እንደሆንኩ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ሄደ። እናቴ ቲማቲም ትበላለች። በቲማቲም ብቻ ሰው አይወፍርም፤ ግን መቀነቱ አራተኛ ዙር አልሞከረም።

አንድ ቅዳሜ እቴ ፋጡማ ዘንድ ስደርስ አንድ ገበሬ ከጋሪ ላይ ሣጥን ያወርዳል። ሣጥኑን አየሁት፤ ቲማቲሙ እንደ ወንፊት ነው። ልቤ ሞቀ። እጄን ዘረጋሁለት።

«ያንተ ነው? አላህ ይስጥህ። እናቴን ያተረፍካት አንተ ነህ።»

ገበሬው እጁን እንደሰጠኝ እቴ ፋጡማን አያት። «ምን አድርጌ?»

«ሳትረጭ።»

«ማን ነው ያልረጨ? ሦስት ዓይነት ቀላቅዬ ረጭቼዋለሁ። ትናንት ጠዋት እንኳ ረጭቻለሁ።»

«ትሉስ?»

«ትሉማ ለምዶታል። እሱ እኮ ነው የሚያስረጨኝ፤ አልሞት ሲለኝ እጨምራለሁ፣ ስጨምር ይለምዳል። አሁንማ አንድ ቀን ካለፈኝ የሚከፋው ይመስለኛል።»

ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደደነገጥኩ ለመጻፍ ሐሰን ይሻል ነበር። በቆቦ ገበያ ብዙ ትል ያለበትን መርጫለሁ ማለት፣ በቆቦ ገበያ ብዙ የተረጨውን መርጫለሁ ማለት ነው። እሱንም በእጄ ሰንጥቄ፣ ጨው ነስንሼ፣ ለእናቴ አቅርቤያለሁ።

«እቴ ፋጡማ» አልኩ። ዞሬ አየኋት።

«እኔን ምን ታየኛለህ? ትል አልከኝ፣ ትል ሰጠሁህ» አለችና ቲማቲሟን መደርደር ቀጠለች።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ቲማቲም ከገበያ ጠፋ አልኳት። ወደ እህል ዞርኩ። አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ገብቼ ማሽላውን ላየው እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ብሰድ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ያዝኩ። አወጣሁት። ምን ይሆን ብዬ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ነጋዴው ጨው አቀብለኝ እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ፣ «እሱን አታሽት። ክኒን ነው፤ መልሰህ ቅበረው፣ ነቀዝ ይገባብኛል» አለኝ። መልሼ ቀበርኩት። ወጣሁ። እጄን በሳሙና እስኪላጥ ታጠብኩ።

ቤት ስገባ እናቴ በራሷ፣ ሳልጠይቃት፣ «የጉድጓድ ማሽላ ቢገኝ እበላ ነበር» አለች።

የእናቴ አገር ከጎብዬ ወረድ ብሎ ነው። እዚያ ማሽላ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ እህሉ ተሞልቶ፣ በድንጋይና በአፈር ተደፍኖ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ክኒን የለም፣ ነቀዝም የለም። ሽታ ግን አለው። ሐሰን በየዓመቱ ከእናቴ አጎት ልጅ ከአያ ይመር ያስመጣ ነበር። ሽታው በደንብ የሌለበትን «ይሄ ጉድጓድ አላየም» ብሎ ይመልሰዋል።

በማግስቱ ጎብዬ ወርጄ በእግሬ አያ ይመር ቤት ደረስኩ። ስለ ሐሰን ተላቀስን። ከዚያ ጉድጓዱን ከፈቱልኝ። ዓምና ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እንደገና የተደፈነ ነው።

«አሁን እስከ ከሰዓት ይተንፍስ» አሉኝ።

«ሚኒባስ ያመልጠኛል አያ።»

«ሚኒባስ ሌላ ይመጣል። አንተ ሌላ አትመጣም።»

ለመጸዳዳት ዞር ሲሉ እስቲ ሽታውን ልየው ብዬ በሆዴ ተኛሁና ራሴን በጉድጓዱ አፍ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ግራር ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሰማይ ሳይ ነው። አያ ይመር ሁለቱን ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ቆመዋል።

«ማን ጎትቶኝ ነው?» አልኩ።

«አህያዋ» አሉኝ። «ያልተነፈሰ ጉድጓድ ሰው ይገድላል። እናትህ አንዱን ቀብራ ገና እንባዋ ሳይደርቅ፣ ሁለተኛውን ከእኔ ጉድጓድ አውጥቼ ልልክላት ነበር? ትምህርት ቤት ስለ አየር ምን አስተማሩህ?»

«ብዙ አስተምረውናል።»

«አየሁት።»

ከሰዓት ኩራዝ በገመድ አወረዱ። ጠፋ። ቆይተው ደገሙት፤ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሳይጠፋ ቆየ። ያኔ ወገባቸውን በገመድ አሰሩና ጫፉን ሰጡኝ። «ገመዱን ያዝ፣ ራስህን ግን ወዲያ አድርግ» ብለውኝ ወረዱ። በቅርጫት ሁለት ዓይነት እህል ላኩልኝ። አንደኛው ከግድግዳው የተፋቀው ነው፤ ጠቆር ያለ፣ የተጓጎለ፣ ሽታው ሩቅ የሚጣራ። ሁለተኛው ከመሃል የወጣው፣ ነጭና ፍሬው ያልተጣበቀ ነው።

ሲወጡ አቧራቸውን እያራገፉ፣ «ጠርዙ የከብት ነው፣ እሱም ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ጥቂት ጥቂት። ያንተ መሃሉ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ከቅዳሜው ወዲህ ዓይኔ ንጹሕ ነገር ማመን አቁሟል። ነጩን ሳየው፣ ምን ቢያስነኩት ነው እንዲህ የነጣው አልኩ በልቤ። ጥቁሩ ግን ይሸታል፤ ያልተነካ ነገር እንዲህ ነው የሚሸት። ደግሞ ሐሰን የሚወደው ሽታ ነው። አያ ይመርን ሽቅብ ማየት አልቻልኩም።

«አያ፣ ጠርዙን ቢሰጡኝ። ለከብት።»

«ከብት አላችሁ?»

«አንዲት ላም አለችን።»

ላም የለንም። ዶሮም የለንም።

«እንግዲህ ብዙ እንዳትሰጣት» ብለው ጆንያ ሙሉ ሰፈሩልኝ። መሃሉን ለእንግዳ ያቆዩት ብዬ ተውኩላቸው። ጆንያው ራሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፤ ቆቦና ጎብዬ ውስጥ ሌላ ዓይነት ጆንያ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እናቴ ጽሑፉን እንዳታይ ገልብጬ አሰርኩት።

ወፍጮ ቤት ባለወፍጮው አሸተተና፣ «ይሄ ለሰው ነው?» አለኝ።

«ለሰው ነው።»

«ለየትኛው ሰው?»

አስፈጭቼ ወጣሁ።

እናቴ ዱቄቱን በእፍኟ አንስታ አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። «መሃሉን ነው የሰጠህ?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ተነሥታ በገዛ እጇ ገንፎ አገነፋች። ከሐሰን ወዲህ እሳት ፊት ስትቀመጥ ያን ቀን አየኋት። በላች። ገበታውን በጣቷ ጠረገችው። እኔም በላሁ። የዙሁር ሶላት ሰግዳ ተጋደመች፤ እኔ ደግሞ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ሐሰንን «አየኻት?» አልኩት።

የአስር ሶላት ሳይደርስ እናቴ ማስመለስ ጀመረች። ቀጥሎ እኔ። ባጃጁ ውስጥ በየተራ አንገታችንን እያወጣን ጤና ጣቢያ ደረስን። እናቴ ላይ ግሉኮስ ተሰካ። ሲስተሯ፣ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የረጋ ሴት፣ ሳህን አስታቀፈችኝና፣

«ምን በላችሁ?» አለችኝ።

«ምንም ኬሚካል የለበትም ሲስተር» አልኩ። አስመለስኩና ቀጠልኩ። «ማዳበሪያ የለው፣ ክኒን የለው። የጉድጓድ ማሽላ ነው። ንጹሕ የተፈጥሮ።»

«ሻጋታ ነበረው?»

«የተፈጥሮ ሻጋታ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሻጋታ ሁሉ የተፈጥሮ ነው። መርዝም አለው። ተፈጥሮ ደግ ናት ያለህ ማነው?»

«መድኃኒት ስላልነካው...»

«መድኃኒትም ያለ ጥንቃቄ ከረጩት፣ ወይ ተረጭቶ ቀኑ ሳይሞላ ከለቀሙት ይጎዳል። ሻጋታም ይጎዳል። አንዱ ይጎዳልና ሌላው ያድናል አይባልም። ያንተስ አስመልሰኸዋል፤ ይወጣል። ይሄ የሻገተ እህል ክፉነቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲበሉት ነው። ጉበት ይጎዳል።»

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩት።

«ምን አልሽኝ?»

«ጉበት።»

ሐሰን ገንፎውን እየበላ ታየኝ። ሽታ የሌለበትን ሲመልስ ታየኝ። ሲስተሯ ጨው ያለበት ውኃ ሰጠችኝ። ስለ ወንድሜ ነገርኳት።

«እኔ ወንድምህን አላየሁትም» አለች። «ይሄ ገደለው፣ ያ ገደለው ልልህ አልችልም። ያየው ሐኪምም ካላወቀ አልታወቀም ማለት ነው። አሁን እናትህ ይህን ክኒን ምግብ ቀምሳ ነው የምትወስደው። የሆነ ነገር ታብላ።»

የሆነ ነገር። ለእናቴ።

ልነግራት ነው ወይስ ልተወው? ብነግራት ያለችው አንዲት የምታምናት እህል ትጠፋባታለች፤ ከዚያ ወዲያ የምትበላው ምን አላት? ብተወው ስንወጣ ያንኑ ጆንያ ትከፍታለች። አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ከዚያች ከሌለችን ላም ጀመርኩ።

«የቷ ላም?» አለች።

ከላሚቱ ወደ ጠርዙ፣ ከጠርዙ ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ሲስተሯ። ጉበት እንዳለችም ነገርኳት። እናቴ ግሉኮሱን ጠብ ጠብ ሲል ታየዋለች።

«እኔ እኮ ነበርኩ የማገነፋለት» አለች።

«አይደለም እማ፣ አልታወቀም ነው ያለችው። መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፣ ይሄም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም...»

«ሰማሁ።»

«ባልነግርሽ ይሻል ነበር።»

«ሂድ፣ የሚበላ ነገር ፈልግ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ሰው ሙዝ ብቻ ይሸጣል። አራት ሙዝ ሰጠኝ። ማን እንደተከለው፣ ምን እንደተረጨ፣ በምን እንዳበሰሉት ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ዋጋውን ብቻ ጠየቅኩት። ይዤ ገባሁ።

እናቴ ተነሥታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሙዙን አየችው። «ከየት ነው?» አለች።

«ከበሩ።»

«ማነው የተከለው?»

«አላውቅም እማ። አርባ ምንጭ ይሁን የት አላውቅም። ምን እንዳስነኩትም አላውቅም። እኔ ከእንግዲህ ስለ ምግብ አንድም የማውቀው ነገር የለም።»

አንዱን አነሣች። ቢስሚላህ አለች። ልጣጩን በዝግታ ላጠችው፤ በየመሃሉ ትቆማለች። ነከሰች። አኘከች። ፊቷ ጨፈገገ። ልትተፋው ነው ብዬ ሳህኑን አነሣሁ።

ዋጠችው።

«ጥሬ ነው» አለች። «አፍ ይይዛል። ሙዝ መምረጥ እንኳ አታውቅም?»

ደነገጥኩ። ስለ ምግብ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ስለ ጣዕሙ ስታማርር የሰማኋት ሐሰንን ከቀበርን ወዲህ ያን ቀን ነው። ድሮ እንዲህ ነበረች፤ ጨው በዛ፣ በርበሬ አነሰ፣ ይሄ አልበሰለም ስትል ነበር የምትውለው፤ ሐሰንና እኔ እየተያየን እንስቅባት ነበር።

ሳህኑን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሻጩ ምን ሆነ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

«የበሰለውን ስጠኝ» አልኩት።